ጂ15፦ ስለ ቻይናው የባሕር ዳርቻ የፍጥነት መንገድ በስሕተት የሚነገሩ ነገሮች

በካርታ ላይ ሲያዩት ጂ15 አንድ ወጥ መስመር ይመስላል። ከሰሜን ምሥራቋ ሼንያንግ ተነሥቶ የቻይናን የባሕር ጠርዝ እየተከተለ ደቡብ ጫፍ ሃይኮው ይደርሳል። ርዝመቱ 3,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳልያን፣ ያንታይ፣ ቺንግዳው፣ ናንቶንግ፣ ሻንጋይ፣ ኒንግቦ፣ ዌንዡ፣ ሲያመን፣ ሼንዠን፣ ጓንዡ ሁሉም በላዩ ወይም በአጠገቡ ናቸው። ስለ ቻይና መንገዶች ወሬ ሲነሣ አብዛኛው ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ይህንኑ መስመር ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ይነዱበታል»

አይነዱበትም። መንገዱን ባሕር ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ሰሜን ላይ ዳልያን የደረሰ ሾፌር ቀጣዩን የመንገዱን ክፍል የሚያገኘው ከቦሃይ ሰርጥ ማዶ ያንታይ ላይ ነው። በመካከሉ ድልድይም ሆነ ዋሻ የለም፤ መኪናውን መርከብ ላይ ጭኖ ስድስት ሰዓት ገደማ በውኃ መጓዝ ነው። በየብስ ልዙር ካለ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል። ከባሕሩ ሥር ዋሻ ይቆፈር የሚለው ሐሳብ ለዐሥርተ ዓመታት ቢነሣም እስካሁን ሐሳብ ነው።

ደቡብ ላይ ደግሞ ወደ ሃይናን ደሴት ለመሻገር እንደገና መርከብ መያዝ ግድ ነው። በየካቲት 2018 ሕዝቡ ከቻይና አዲስ ዓመት በዓል ሲመለስ ሰርጡን ጉም ዘጋው፤ መርከቦቹ ቆሙ፤ ሃይኮው ከተማ ውስጥ ከዐሥር ሺህ በላይ መኪኖች ለቀናት ተሰለፉ።

«የባሕር ዳርቻ መንገድ ስለሆነ ባሕሩን እያዩ ይሄዳሉ»

ለሽርሽር ያሰበ ሰው ያዝናል። መነሻው ሼንያንግ ራሷ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ከዌንዡ ወደ ፉጂያን ሲወርዱ ደግሞ የሚያዩት ተራራ ነው፤ ከአንዱ ዋሻ ወጥተው ሌላው ውስጥ ይገባሉ።

«መንግሥት በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ ትንፋሽ የሠራው ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መንገዱን የሚያደንቁ ሰዎች «ረጅም መስመር አስምሮ መጀመር ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይገፋሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የተሠራው 375 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሼንያንግ–ዳልያን ክፍል ሲሆን፣ ሥራው በ1984 ተጀምሮ በ1990 ተጠናቀቀ። በዚያ ዘመን ቻይና ውስጥ ራሱ «መኪናው የታለና ነው እንዲህ ያለ መንገድ?» የሚል ክርክር ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የየድርሻውን በራሱ ጊዜና በራሱ ብድር ቀጠለ። ቁርጥራጮቹን ዛሬ በምናውቀው ስም ያሰባሰባቸው ብሔራዊ የፍጥነት መንገዶች ዕቅድ የጸደቀው በ2004 መጨረሻ ነው። ስሙ ከመንገዱ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው።

ትልልቆቹ ክፍተቶች የተዘጉትም ከዚያ በኋላ ነው። እስከ 2008 ድረስ ከናንቶንግ ወደ ሻንጋይ የሚሄድ መኪና የያንግትዜን ወንዝ በጀልባ ይሻገራል፣ አለዚያም ወደ ላይ ወጥቶ የጂያንግዪንን ድልድይ ይጠቀማል። በዚያው ዓመት የሱቶንግ ድልድይ ተከፈተ። በሁለቱ ማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1,088 ሜትር ነው፤ በኬብል ከተወጠሩ ድልድዮች ሁሉ የዚያን ጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። የሀንግዡ ባሕረ ሰላጤ ድልድይም የተከፈተው በዚያው 2008 ነው።

«ፋብሪካዎቹን ያመጣቸው መንገዱ ነው»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሼንዠን፣ ሲያመንና ሻንቶው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና የተባሉት በ1980 ነው። ዐሥራ አራት የወደብ ከተሞች ለውጭ ካፒታል የተከፈቱት በ1984፣ የመጀመሪያው የመንገዱ ቁራጭ ሥራ ገና ሲጀመር ነው። ዌንዡን ብንወስድ፣ በ1980ዎቹ በየቤቱ አዝራርና ጫማ እየሠራ ለመላ አገሪቱ ሲሸጥ ባቡር እንኳን አልነበረውም፤ ባቡሩ የደረሰው በ1998 ነው። መንገዱ የመጣው ጭነቱ ሞልቶ ሲፈስ ነው። ከመጣ በኋላ ዕድገቱን ማፋጠኑ አይካድም፤ ጀማሪው ግን እሱ አልነበረም።

«ጭነት ከሰሜን እስከ ደቡብ በዚህ መንገድ ይጓጓዛል»

እውነተኛ ሥራውን የሚሰውረው ይህ ነው። ከዳልያን ጓንዡ ድረስ ሙሉ ጭነት በመኪና መላክ የሚያዋጣው ለጥቂት ዕቃ ነው፤ ባሕሩ አጠገቡ አለና። የሰሜን የድንጋይ ከሰል ወደ ደቡብ የኃይል ማመንጫዎች የሚወርደው በአብዛኛው በመርከብ ነው። ጂ15 ላይ የሚመላለሰው ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ አጭር ርቀት ነው የሚሄደው፦ ከፋብሪካ ወደብ፣ ከወደብ መጋዘን። ስለዚህ መንገዱን እንደ አንድ ረጅም ጉዞ ሳይሆን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ብዙ አጫጭር ጉዞዎች ብናየው ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ከመርከብ ጋር አይፎካከርም፤ መርከቡን ይመግባል።

ለመርካቶ ነጋዴ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ኢዉ በሚባለው የቻይና የጅምላ ገበያ ላይ የተገዛ ዕቃ ኒንግቦ ወደብ የሚደርስበት ዋና የፍጥነት መንገድ ጂ1512 ይባላል፤ ቁጥሩ እንደሚያሳየው የጂ15 ቅርንጫፍ ነው። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ከተጓዘ በኋላ ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ወጥቶ ወደ ጂቡቲ ያቀናል። ዕቃ አስመጪው «ከቻይና በባሕር መጣ» የሚለው ጭነት የመንገዱን ድርሻ የሚጨርሰው በዚያች አጭር ጉዞ ነው።

የሀንግዡ ባሕረ ሰላጤ ድልድይም የሚመዘነው በዚሁ ዐይን ነው። 36 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የኒንግቦንና የሻንጋይን ርቀት በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ አሳጠረ። ኒንግቦ–ዡሻን በጭነት ክብደት፣ ሻንጋይ በኮንቴይነር ብዛት የዓለም ቀዳሚ ወደቦች ናቸው። ቀድሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ባሕረ ሰላጤውን በሀንግዡ በኩል መዞር ያስፈልግ ነበር። ድልድዩ ቀጥ ያለ አለመሆኑን አይተው «መሐንዲሶቹ ተሳስተው ነው» የሚሉም አሉ። ጠመዝማዛ የሆነው ታስቦበት ነው፤ አንድም ከውኃው ፍሰት አቅጣጫ ጋር እንዲጣጣም፣ አንድም ሾፌር በቀጥታ መስመር እንዳያንቀላፋ። የጎን መከላከያውም በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቀለሙ ይለወጣል፤ ሰባት ቀለም ነው።

በነገራችን ላይ ሆንግ ኮንግን ከማካው የሚያገናኘው የ2018ቱ ታላቅ ድልድይ የጂ15 አካል አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

«ቻይና ውስጥ መንገድ በነጻ ነው»

በአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ላይ ከፍሎ ያለፈ ሰው የጂ15 አሠራር አይገርመውም። በብድር ተሠርቶ በተጠቃሚ ክፍያ የሚመለስ መንገድ ነው። ነጻ የሚሆነው በአራት ትልልቅ በዓላት ነው፤ ያውም ከ2012 ወዲህ፣ እስከ ሰባት መቀመጫ ላላቸው መኪኖች ብቻ። የጭነት መኪና በበዓልም ይከፍላል፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የጫነ ግን ዓመቱን ሙሉ ነጻ ነው። በክፍለ ሀገር ድንበሮች ላይ የነበሩት ክፍያ ጣቢያዎች በ2020 መጀመሪያ ተነሥተዋል፤ ያ ማለት መቆሙ ቀረ እንጂ ክፍያው አልቀረም።

የተለየችው የመንገዱ መጨረሻ ሃይናን ናት። ደሴቲቱ ላይ ክፍያ ጣቢያ የሚባል ነገር የለም፤ ከ1994 ጀምሮ የመንገዱ ገንዘብ በነዳጅ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይሰበሰባል። ቤንዚን የቀዳ ሁሉ ሳያውቀው ከፍሏል። ሃይናን ግን በ2030 በነዳጅ የሚሄዱ አዳዲስ መኪኖችን መሸጥ አቆማለሁ ብላለች፤ ያኔ የመንገዱን ወጪ በምን ትሰበስበዋለች የሚለው አሁንም ያከራክራል።