የካታዮን ልውውጥ ምንድን ነው?

በክረምት ከአቃቂ ወጣ ብሎ ጤፍ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው ዋልካን አይረሳውም። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጫማው በጭቃ ይከብዳል፤ በበጋ ደግሞ ያው መሬት እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። የእንጦጦ ቀይ አፈር እንዲህ አያደርግም። የሚለያያቸው በውስጣቸው ያለው የሸክላ ማዕድን ነው።

ካታዮን ማለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን (ቻርጅ የያዘ አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ) ነው፦ ካልሲየም፣ ፖታሺየም፣ አሞኒየም። የዋልካ ዋና ማዕድን ስሜክታይት ደግሞ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ የተነባበረ ነው። ማዕድኑ ሲፈጠር በአሉሚኒየም ቦታ አልፎ አልፎ ማግኒዥየም ይገባል። የማግኒዥየም ቻርጅ በአንድ ስለሚያንስ ንብርብሩ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ ካታዮን የሚስበውም በዚህ ጉድለቱ ነው። በንብርብሮቹ መሃል ውሃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይሰነጠቃል።

ማየት የፈለገ ከፋርማሲ ሐምራዊውን ጂቪ ይግዛ። ቀለሙ ራሱ ካታዮን ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ጨምሮ፣ አንድ ማንኪያ ደቃቅ ዋልካ በጥብጦ ያሳድረው። ጠዋት ሐምራዊው ከውሃው ለቆ ከጭቃው ጋር ተኝቶ ይገኛል። (እጅ ላይ ከነካ ግን ቶሎ አይለቅም፤ ከራሴ ያየሁት ነው።)

የተያዘው ካታዮን ሌላ ሲመጣ ቦታ ይለቃል፤ የካታዮን ልውውጥ የሚባለውም ይህ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆን ቶማስ ዌይ በ1850 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ አሞኒየም ያለበትን ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያሳልፍ አሞኒየሙ ቀርቶ ካልሲየም ወጣ። የተክል ሥርም የሃይድሮጅን አዮን እየሰጠ የሚፈልገውን ይወስዳል። ስሜክታይት በኪሎ ከ80 እስከ 120 ሴንቲሞል (የቻርጅ ብዛት መለኪያ) ቻርጅ ሲይዝ፣ በቀይ አፈር የሚበዛው ካኦሊናይት ከ3 እስከ 15 ብቻ ነው።

አንዳንዱ ግን ይቆለፋል። ኢላይትና ቨርሚኩላይት በሚባሉት ማዕድናት ገጽ ላይ ፖታሺየምና አሞኒየም ልክ የሚገቡበት ጎድጓዳ አለ። እነሱ ሲገቡ ንብርብሮቹ ይገጥማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡት በብዙ ጊዜ፣ ቀስ እያሉ ነው።

ታዲያ ዋልካ ይህን ያህል የሚይዝ ከሆነ ዩሪያ ለምን ይባክናል? ዩሪያ አፈር ውስጥ በቀናት አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየም ሆኖ እስከቆየ ድረስ ዋልካው ይይዘዋል። ቀጥሎ ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ኔጋቲቭ ነው፣ ሸክላው ይገፋዋል። ማሳው ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ዩሪያን ለሁለት ከፍሎ መጨመር የሚመከረውም ለዚህ ነው።