ፍሳሽም እርሾ አለው

ውሃ ውስጥ ጀርም አለ ሲባል ሁላችንም ፊታችንን እናጨማድዳለን። አተትን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ጀርም ሁሉ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ባይኖር ውሃችን አይጣራም ነበር።

«ፍሳሽ የሚጣራው በኬሚካል ነው» ይላሉ ብዙዎች። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው። በቃ፣ ቆሻሻውን ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ1914 አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት የማንችስተር ኬሚስቶች በጠርሙስ ፍሳሽ ላይ አየር እየነፉ ያደረጉትን ሙከራ ይፋ አደረጉ። መጀመሪያ ፍሳሹ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከዚያ የጠራውን ከላይ ቀድተው፣ ከሥር የዘቀጠውን አተላ ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት፤ ይህንኑ ሲደጋግሙት ጊዜው እያጠረ እያጠረ መጥቶ አንድ ቀን ገደማ ደረሰ። እናቶቻችን ቢሰሙ «ታዲያ ይሄ እርሾ አይደል?» ባሉ ነበር። ነው እንጂ! ቡሃቃው ሥር የቀረው እርሾ የነገውን ሊጥ እንደሚያቦካው፣ ዛሬም በብዙ ማጣሪያ ጣቢያዎች ከአተላው ከፊሉ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ልዩነቱ እነዚህኞቹ አየር መፈለጋቸው ነው። መብራት ጠፍቶ አየር መንፊያው ለረጅም ሰዓት ሲቆም ይታፈናሉ፤ ሽታውም ይመጣል።

«ሽንት ቤቱ ከሸተተ በረኪና ድፉበት።» አንድ ጎረቤቴ ሙሉ ጀሪካን ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ሲገለብጥ አይቻለሁ። በደንብ አጸዳሁ ብሎ ነው፤ የገደላቸው ግን ቆሻሻውን የሚያብላሉለትን ነው። መቀመጫውን ለማጽዳት የምትፈሰው ትንሽ በረኪና ጣጣ የላትም። ጀሪካኑ ነው ችግሩ።

«የአሸዋ ማጣሪያ ወንፊት ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ውሃ ቀስ ብሎ በሚያልፍበት የአሸዋ ማጣሪያ አናት ላይ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ እሱ ሕይወት ያለው ነው፣ ጀርሙን የሚይዘውና የሚበላውም እዚያ ያለው መንጋ ነው። ለዚህም ነው አሸዋው በተጠረገ ማግስት ማጣሪያው የሚሰንፈው፤ ሽፋኑ እስኪያገግም መጠበቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1892 የጀርመኗ ሐምቡርግ የኤልቤን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ታጠጣ ነበርና ኮሌራ ከ8,000 በላይ ሰው ገደለባት። ጎረቤቷ አልቶና ከሐምቡርግ በታች፣ የሐምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት ወንዝ እየቀዳች፣ ግን በአሸዋ እያጣራች በአብዛኛው ተረፈች። ድንበር ላይ ባለ አንድ መንገድ፣ በሐምቡርግ በኩል ያሉት ሲታመሙ ማዶ ያሉት ደህና ነበሩ።

«ከፈላ በኋላ ምን ይቀረዋል?» ጀርሙ ይሞታል፣ ትክክል። ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ግን አይተንም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፤ ውሃው በፈላ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳልና ፍሎራይዱ ጭራሽ ይጠናል።

ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው የሚለውን ዝም ብዬ ልለፈው፤ ባክቴሪያ በዓይን አይታይም።

«ክሎሪን ካለ አያሳስብም» ለሚሉት ግን አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ሚልዋኪ ውስጥ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተሕዋስ ክሎሪን በተጨመረበት የቧንቧ ውሃ አልፎ 400,000 ያህል ሰው አሳምሟል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ክሎሪን አይበግረውም። ተራውን ባክቴሪያም ቢሆን ክሎሪን የሚጨርሰው ውሃው ካልደፈረሰ ነው፤ ከደፈረሰ ጉልበቱን ጭቃው ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ የክረምት ውሃ መጀመሪያ ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል፣ ከዚያ ውሃ አጋሩ (የክሎሪን መድኃኒቱ) ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ይቆይ።