ስለ ክርስቲያናዊ ደስታና አንድነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በትንሣኤ ሌሊት ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልሳል፤ ምልልሱም «ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» በሚለው ይፈጸማል፤ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ትንፋሽ የሚነገሩ ሆነው ሳለ፣ እዚህ ደሴ በየማኅበሩና በየቤቱ ስንጨዋወት ደስታን ለብቻው፣ ከሰላም የማይለየውን አንድነትንም ለብቻው አድርገን፣ ሁለቱንም ከትርጉማቸው አውጥተን ስንናገር እሰማለሁ። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሣ።

«የሚያምን ሰው አያዝንም።»

ይህ አባባል የሚነገረው ለማጽናናት ታስቦ ነው፤ ነገር ግን ያቆስላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወገናቸውን ያጡ ሰዎች፣ በሐዘናቸው ላይ «እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» የሚል ሌላ ሸክም ሲጨመርባቸው አይቻለሁ። ጌታችን ግን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ቅዱስ ጳውሎስም «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ሳለ ሲሆን፣ በዚያው መልእክት የሥራ ባልደረባው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር አንሥቶ፣ እግዚአብሔር ስለ ማረው በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳልተጨመረበት ሳይሸሽግ ይናገራል። ደስ ይበላችሁ ያለውና ያዘነው ሰው አንድ ነው። የክርስቲያን ደስታ በተስፋ ላይ የቆመ ስለሆነ እንባን አይፈራም፤ እንዲያውም ያው ሐዋርያ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ መሰኘትንና ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስን በአንድ ትእዛዝ አስቀምጧል።

«ጾም የሐዘን ወራት ነው፤ ደስታ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።»

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ስለማይሰሙ ይህን ማሰብ አያስደንቅም። ሆኖም ወንጌል የሚጾም ሰው ፊቱን እንዳያጠወልግ፣ ይልቁንም ራሱን ቅባት እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ ያዛል። በጾም የሚመጣ ቁጣና መነጫነጭ የጾሙ ሳይሆን የእኛ ነው፤ በተለይ ወላጆች በጾም ወራት ልጆቻቸው ላይ የሚጮኹትን ጩኸት በጾሙ ባያመካኙ እወድዳለሁ።

«አንድነት ማለት በግድም ቢሆን ሁሉን አንድ ማድረግ ነው።»

የዚህን አባባል ዋጋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ የሃይማኖት ጉባኤ አካሂደው በተዋሕዶና ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው በሚለው ትምህርት መካከል የነበረው የረዥም ዘመን ክርክር ለተዋሕዶ ተፈረደ። ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን መለየቷ ተገቢ ነበር፤ እኔም የምጸልየው በዚያ ሃይማኖት ነው። ነገር ግን ፍርዱን ያልተቀበሉት ተቀጡ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ በኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤልም በዚያ ወቅት ከተጠመቁት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ትእዛዙን ሽሽት ከአገራቸው የተሰደዱም፣ ተጠምቀው በቤታቸው በስውር እንደ ቀድሟቸው የሰገዱም ነበሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የተጻፈው የኢየሩሳሌም ጉባኤም በብርቱ ክርክር የተጀመረ ነው፤ ሐዋርያቱ ግን ከአሕዛብ ወገን ባመኑት ላይ ከሚያስፈልገው በቀር ሌላ ሸክም ላለመጫን ተስማሙ፣ የአንጾኪያ ምእመናንም ደብዳቤው ሲነበብላቸው ደስ አላቸው። አንድነት ከየት እንደ መጣ የሚታወቀው በተቀባዩ ፊት ላይ በሚታየው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

«እርስ በርስ ከተዋደድን ይበቃል፤ የሌላው ጉዳይ አይመለከተንም።»

በወሎ ይህን የሚል ሰው ቅሬውን የረሳ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለውና ቀብር የሚያስፈጽመው ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይይዛል፤ በድግስም ቀን ለየሃይማኖቱ ምግቡ ለብቻው ይሰናዳል እንጂ ጎረቤት ሳይጠራ አይቀርም። በሃይማኖት መለየታችን የታወቀ ነው፤ ፍቅር ግን ለእምነት ባልንጀራ ብቻ ተወስኖ አልተሰጠንም።

«ለሰላም ሲባል ጠብን ማንሣት አይገባም።»

ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ይህ ነው። ተኳርፈን ጎን ለጎን ማስቀደስን ሰላም ብለን እንጠራዋለን፤ በቅዳሴው ግን ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» እያለ በተቀደሰ ሰላምታ እንድንሳለም ያዘናል። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውም የጌታ ቃል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «ደስ ይበላችሁ» ከማለቱ በፊት፣ ሁለት መስመር ያህል ቀደም ብሎ፣ ኤዎድያንና ሲንጤኪን የተባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ አሳብ እንዲስማሙ በስማቸው ጠርቶ መክሯል።

በሰኞ ገበያ አካባቢ በነበረን የማርያም ጽዋ ማኅበር፣ የጣሪያ ውኃ ከአንዷ ግቢ ወደ ሌላዋ ስለሚወርድ የተጣሉ ሁለት እናቶች ነበሩ፤ ወራት ሙሉ በአንድ ዳቦ ዙሪያ እየተቀመጡ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም ነበር። ጽዋውን የመውሰድ ተራ ለአንዷ በደረሰ ቀን የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደ ተሸፈነ በመካከላችን አስቀምጠው «እታለም፣ እንዲህ ሆናችሁ ይሄ አይነሣም» አሏት። ማንም አልተናገረም፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም በሩ ድረስ ደርሶ ነበር፣ ጠላውም በየጣሳው ሳይነካ ቆየ። በመጨረሻ ታላቂቱ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣችና «ቦዩን እኔ አስቆፍራለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለች፤ ሌላዋም «አብረን ነው የምናስቆፍረው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጽዋው በእልልታ ከቤቱ ወጣ፤ ያን ዕለት እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ የሸኘነው ሁላችንም ነን።