5ኛዋ የእግር ጣት የትኛዋ ናት?

ደሴ ጎረቤታችን የሆኑ እማማ ትንሿን የእግር ጣታቸውን እንቅፋት መታቸው። የራጁ ወረቀት «ግራ እግር፣ 5ኛ ጣት» ይላል። ልጃቸው ከግራ ወደ ቀኝ ብትቆጥር አውራ ጣት ላይ ደረሰች። «ሌላ ጣት ነው ያነሱት!» ብለው ክፉኛ ደነገጡ።

ስህተት የለም። ሐኪሞች በሁለቱም እግር ቆጠራውን የሚጀምሩት ከአውራ ጣት ነው። ስለዚህ ትንሿ ሁሌም 5ኛ ናት።

እጅ ላይ ሌባ ጣት፣ የቀለበት ጣት እንላለን። የእግር መካከለኞቹ ሦስት ጣቶች ግን በሕክምናው ላቲንም በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ። የራሳቸው ስም ያላቸው ዳርና ዳር ያሉት ናቸው፤ አውራ ጣት «ሃሉክስ»፣ ትንሿ «ዲጂተስ ሚኒመስ»። ሃሉክስ ወፍራም ቢሆንም አጥንቱ 2 ብቻ ነው፤ የሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው።

ወረቀቱ ግር ካላችሁ ጣቷን ነክታችሁ «ይቺን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ምንም ነውር የለውም።