በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ግምት ነጥብ የሚቆጠረው እንዴት ነው?

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድር ሲጀመር፣ ሰዎች በማኅበር ሆነው የሁሉንም ዙሮች አሸናፊዎች አስቀድመው በሰንጠረዥ እየሞሉ በነጥብ ይወዳደራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር ብዙ ጨዋታ በትክክል የገመተ ሰው በመጨረሻ ለምን እንደሚበለጥ ደጋግሞ ይጠየቃል። የውድድሩ ዋና ሰንጠረዥ 64 ቡድኖችን የሚይዝ ሲሆን የተሸነፈ ወዲያውኑ ስለሚሰናበት፣ የጨዋታው ብዛት ከ32 ተነሥቶ በየዙሩ በግማሽ እየቀነሰ አንድ ፍጻሜ ላይ ይደርሳል። በተለመደው አቆጣጠር ደግሞ የአንድ ትክክለኛ ግምት ነጥብ በየዙሩ እጥፍ ይሆናል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32።

አበበ በመጀመሪያው ዙር 26፣ አልማዝ 20 ጨዋታ በትክክል ገመቱ እንበል። አልማዝ ለዋንጫ ያጨችው ቡድን እስከ መጨረሻው ካሸነፈ፣ ከእሱ ብቻ 63 ነጥብ ታገኛለች። የአበበ ምርጫ በሁለተኛው ዙር ከወደቀ ግን 1 ነጥብ ብቻ ያስገኝለታል፤ ያን ቡድን የጻፈባቸው ቀጣይ ቦታዎችም ሁሉ ባዶ ይቀራሉ። በ2018 በወንዶቹ ውድድር ቨርጂኒያን ለዋንጫ የመረጡ ሰዎች የደረሰባቸው ከዚህም የባሰ ነው፤ በምድቡ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ገና በመጀመሪያ ጨዋታው 16ኛ ደረጃ በተሰጠው ቡድን ተሸነፈ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሻምፒዮኑ ምርጫ ይመስለኛል።

የጨዋታዎቹ አወራረድ የማይለወጥ ሲሆን፣ የነጥቡ መጠንና ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ቡድን ሲያሸንፍ የሚሰጠው ጭማሪ ግን እንደየማኅበሩ ስምምነት ስለሚለያይ፣ ሰንጠረዡን ከመሙላት በፊት አዘጋጁን መጠየቅ ይገባል።