ጋሪፉና ምንድን ነው?

እስቲ በጋሪፉንኛ እንቁጠር። አባን፣ ቢያማ፣ ኡሩዋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው። እነዚህ የካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ቃላት ናቸው። ከአራት ጀምሮ ግን ነገሩ ይቀየራል። ጋዱሩ፣ ሴንጉ፣ ሲሲ ይላል። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ጆሮው ቀጥ ይላል። ካትር፣ ሳንክ፣ ሲስ ናቸዋ!

ቆጣሪው ደግሞ ፈረንሳዊ አይደለም። መልኩ አፍሪካዊ ነው፣ አገሩ መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ፣ ቤሊዝ ወይም ሆንዱራስ። ጋሪፉና የዚህ ሕዝብ ስም ነው፤ የቋንቋውም፣ የባህሉም። ብዙ ሲሆኑ ራሳቸውን ጋሪናጉ ይላሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ሴንት ቪንሰንት ላይ ነው፤ እነሱ ዩሩሜይን ይሏታል። በምሥራቅ ካሪቢያን ያለች ትንሽ ተራራማ ደሴት ናት። ነባሮቹ ካሊናጎ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን አፍሪካውያን ይቀላቀሏቸው ጀመር። ገሚሱ ከተሰበረ የባሪያ መርከብ የተረፈ ነው ይባላል፤ ገሚሱ ከአጎራባች ደሴቶች የሸንኮራ እርሻ ያመለጠ። ተጋቡ፣ ተዋለዱ። ልጆቹ የነባሩን ሕዝብ ቋንቋ አፋቸውን ፈቱበት። ከፈረንሳዮች ጋር ሲገበያዩ ደግሞ ቁጥሩን ተዋሱ።

እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1763 በውል ተረከብን አሉ። (ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለሸንኮራ የሚመቸው ለም መሬት ግን የነዚህ ሰዎች ነበር፤ ሊለቁም አልፈለጉም። መሪያቸው ጆሴፍ ቻቶየር ነበር፤ ሳቱዬም ይሉታል። መጋቢት 14 ቀን 1795 በውጊያ ላይ ወደቀ። ጦርነቱ እሱ ከሞተ በኋላም ከአንድ ዓመት በላይ ቀጠለ። በመጨረሻ እንግሊዞች ከ4,000 በላይ ሰው ሰብስበው ባሊሶ የምትባል ደረቅ ደሴት ላይ አራገፉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በበሽታና በረሃብ አለቀ። የተረፉትን በመርከብ ጭነው ከሆንዱራስ ፊት ለፊት ባለችው ሮአታን ጣሏቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1797 ነበር። ከዚያ በባሕሩ ዳር ተበተኑ። ዛሬ በሆንዱራስ፣ በቤሊዝ፣ በጓቲማላና በኒካራጓ ይኖራሉ። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ብሮንክስ ሁለተኛ አገራቸው ሆኗል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሴንት ቪንሰንት ላይ በቀሩት ዘንድ ቋንቋው ጠፋ። የተባረሩት ግን ይዘውት ቀሩ።

ቋንቋው ራሱ ጉደኛ ነው። በአማርኛ አንተና አንቺን የምንለየው በሚሰማን ሰው ነው። በጋሪፉንኛ ግን «እኔ» ራሱ በተናጋሪው ይለያል። ወንዱ «አው» ይላል፣ ሴቷ «ኑጉያ»። እንዲህ የወንድ እና የሴት እየተባሉ የሚለዩ ሌሎች ቃላትም አሉ። ይህን ከመዝገበ ቃላት አጥንተህ ልትይዘው ትችል ይሆናል፤ የሚሰርጽብህ ግን እናትህም አባትህም ሲናገሩ እየሰማህ ካደግህ ነው።

ወደ ጓዳ እንግባ። ዋናው ምግባቸው ኤሬባ ነው፤ ከካሳቫ ሥር የሚጋገር ስስ ቂጣ። ይህ መራራው ካሳቫ ነው፤ መርዝ አለበት። ሥሩ ይላጣል፣ ይታጠባል፣ ሹል የድንጋይ ስብርባሪ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ይፋቃል። ድሮ ሴቶች ተሰብስበው እየዘፈኑ ነበር የሚፍቁት፤ አሁን በብዙ ቦታ ሞተር ገብቷል። እርጥቡ ፍቅፋቂ ሩጉማ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ሩጉማ ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ እንደ እባብ የቀጠነ፣ የተሸመነ ከረጢት ነው። ከላይ ይንጠለጠላል፣ ከታች ክብደት ይታሰርበታል ወይም እንጨት ገብቶበት ሰው ይቀመጥበታል። ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲረዝም ይጠብባል፣ መርዛሙ ውሃም ጠብ ጠብ ይላል። የቀረው ዱቄት በወንፊት ተነፍቶ፣ በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ተበትኖ ይጋገራል። ቂጣው ለወራት አይበላሽም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሬባን ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ግን ቤት ውስጥ የሚጋግር ከጠፋ ሩጉማ የሚሸምን ምን ይሠራል? የሚፍቁት ሴቶች ካልተሰበሰቡስ ዘፈኑ የት ይዘፈናል? ቅርስ ጥበቃ ሲባል ሙዚየም ብቻ የሚታየን ከሆነ ይህ ያመልጠናል።

ሙዚየሙማ አለ። ዳንግሪጋ በምትባል የቤሊዝ ከተማ ጉሊሲ የጋሪፉና ሙዚየም ይገኛል። በዚያው ከተማ ልጆች በጋሪፉንኛም የሚማሩበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። በ1981 የተቋቋመ ብሔራዊ የጋሪፉና ምክር ቤት አላቸው፤ በ1993 መዝገበ ቃላት ወጥቷል። ዩኔስኮም በ2001 ቋንቋቸውን፣ ጭፈራቸውንና ሙዚቃቸውን ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ አድርጎ አውጇል። ጥሩ ነው። ዕውቅና ደስ ይላል፤ ልጅን በቋንቋው ማናገር ግን አሁንም የወላጅ ሥራ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው አንዲ ፓላሲዮ ይመስለኛል። ባራንኮ ከምትባል የቤሊዝ መንደር የወጣ ሙዚቀኛ ነው። በ1980 ገና ወጣት ሳለ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኒካራጓ ሄደ። እዚያ ጋሪፉንኛ የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ሆነው አገኛቸው። አንዱን ሽማግሌ በቋንቋቸው ሰላም ቢላቸው ማመን አቃታቸው፤ ወጣት ሲናገረው ሰምተው አያውቁማ። ፓላሲዮ ነገ በአገሩ የሚሆነው ታየው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በቋንቋው ዘፈነ። በ2007 ያወጣው አልበም ዓለምን ዞረ። በጥር 2008 በ47 ዓመቱ ድንገት አረፈ።

ሙዚቃው የቆመው በሁለት ከበሮ ነው። ትልቁ ሴጉንዳ ነው፤ ምቱን ይዞ አይለቅም። ቆዳው ላይ ሽቦ ስለሚወጠርበት ሲመታ ዝዝዝ ይላል። ትንሹ ፕሪሜራ ደግሞ ከጨፋሪው እግር ጋር እየተጫወተ እንደልቡ ይሄዳል። ፑንታ የሚባለው ጭፈራቸው ከድሮም የለቅሶ ቤት ጭፈራ ነው። ሟቹ በሞተ በዘጠነኛው ሌሊት አካባቢ ይጨፈራል፤ ዳሌ እየተወዛወዘ፣ ሳቅም አለበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፔን ካዬታኖ በዳንግሪጋ ጊታርና የኤሊ ቅርፊት ጨምሮበት ፑንታ ሮክ አደረገው። ታላላቆች አጉረመረሙ፣ ወጣቱ ግን በገዛ ቋንቋው መዝፈን ጀመረ።

በየዓመቱ ኅዳር 19 በቤሊዝ የጋሪፉና የሰፈራ ቀን ይከበራል። ያስጀመረው ቶማስ ቪንሰንት ራሞስ ነው፤ በ1941። ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎች ከባሕሩ ይመጣሉ፤ የካሳቫና የሙዝ ቅጠል፣ ከበሮና ሰው ጭነው። የአያቶቻቸውን መድረስ ነው የሚደግሙት። ዱጉ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለቱሪስት የሚታይ ነገር አይደለም። የሞቱ አያቶች ሲቆጡ ወይም ሲራቡ በሕመምና በሕልም ይናገራሉ ተብሎ ይታመናል። ያኔ ቡዬይ የሚባሉት መንፈሳዊ መሪ ዘመዱን ሁሉ ይጠራሉ፤ ለቀናት ከበሮ ይመታል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል። ኒውዮርክ ያለውም ትኬቱን ቆርጦ ይመጣል። ቤተሰብን በዚህ ያህል የሚሰበስብ የባህል ፕሮጀክት ካለ ንገሩኝ።

መሬት ከሌለ ግን ካሳቫውም ዱጉውም የት ይሁን? በሆንዱራስ ጠረፍ ሆቴልና የዘይት ዘንባባ እርሻ የጋሪፉናን መንደሮች እየገፋቸው ነው። በ2015 የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ለትሪዩንፎ ዴ ላ ክሩስና ለፑንታ ፒየድራ መንደሮች ፈረደላቸው። ፍርዱ መሬት ላይ ሳይወርድ ዓመታት አለፉ። በሐምሌ 2020 የታጠቁ ሰዎች ከትሪዩንፎ ዴ ላ ክሩስ ጥቂት ወንዶችን ከየቤታቸው አፍነው ወሰዱ፤ አንዱ የማኅበረሰቡ መሪ ነበር።

ሴንት ቪንሰንት ላይ ደግሞ የጠፋው እየተመለሰ ነው። በ2002 ቻቶየር የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ጀግና ተባለ፤ የወደቀበት መጋቢት 14ም በዓል ሆነ። ከቤሊዝና ከኒውዮርክ የሚሄዱ ጋሪፉናዎች ለደሴቲቱ ልጆች ቋንቋውንና ከበሮውን አስተምረዋል። በመጋቢት ጀልባ ይዘው ባሊሶ ድረስ የሚሻገሩም አሉ። ያቺ ደሴት ለረጅም ዘመን የግል ንብረት ነበረች። በ2025 መንግሥት ለሕዝብ ወሰዳት። የሞቱት የተቀበሩበትን የሚያሳይ የመቃብር ድንጋይ የለም፤ ስለዚህ የሚሄዱት ሰዎች ከበሮውን የሚመቱት ከጀልባ በወረዱበት ቦታ ነው።