ነባር መድኃኒቶችና የትል ዕድሜ

ጎንደር ላይ ትልና መድኃኒት አብረው ከተነሱ ወሬው ስለ ወስፋት ነው። ክኒኑ የሚዋጠውም ትሉ እንዲወጣ ነው። የእርጅና ተመራማሪዎች ግን ተቃራኒውን ይሠራሉ፦ መድኃኒት ሰጥተው የትሉ ዕድሜ ይረዝም እንደሆነ ያያሉ።

ትሉ ሲ. ኤሌጋንስ ይባላል። የወስፋት የሩቅ ዘመድ ቢሆንም ማንንም አያሳምምም። ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለጎንደሬ እንግዳ ባልሆነ ሙቀት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ኖሮ ይሞታል። አይጥ ላይ ዓመታት የሚፈጀው ጥያቄ እዚህ ቶሎ ይመለሳል። የፍራፍሬ ዝንብና እርሾም ለዚሁ ሥራ ያገለግላሉ።

ነባር መድኃኒት የሚመረጠው ሰው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግስት ግን ይጠይቃል። መድኃኒቱ ትሎቹ የሚኖሩበት፣ አጋር የሚባል ጄሊ መሰል ነገር ውስጥ ይገባል፤ ምግባቸው የሆነው ባክቴሪያ ከላይ ይደረጋል። ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ማይክሮስኮፕ ሥር ሆነው በቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ነካ ይደረጋሉ። ያልተንቀሳቀሰው ሞቷል ተብሎ ይመዘገባል። በቃ።

በትል ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2005 የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ኤቶሰክሲማይድ፣ በ2007 ደግሞ የድብርት መድኃኒቱ ሚያንሰሪን የትሎችን ዕድሜ ሲያረዝሙ ታይተዋል።

ብዙ ያነጋገረው ግን ሜትፎርሚን ነው፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ክኒን። ትሎቹ ሲወስዱት ዕድሜያቸው ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን ተመራማሪዎች ጠለቅ ብለው ሲያዩት መድኃኒቱ የሠራው በባክቴሪያው በኩል ነበር፤ የባክቴሪያውን የፎሌት (የቫይታሚን ቢ ዓይነት) አጠቃቀም አዛብቷል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ሲሆን ዕድሜ አልጨመረም። ባክቴሪያ በሌለበት ጭራሽ አሳጠረ። ዝንቦችም በሜትፎርሚን ረዘም ላለ ጊዜ አልኖሩም። እንግዲህ «ዕድሜ አራዛሚ ክኒን ተገኘ» የሚል ዜና ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የማን ዕድሜ?» ነው።

ራፓማይሲን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አለው። እርሾም ትልም ዝንብም ላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ 600 ቀን የሞላቸው፣ ያረጁ አይጦች ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አስረዝሟል። ችግሩ መደበኛ ሥራው ኩላሊት የተተከለለት ሰው አካል ተከላውን እንዳይጥል የመከላከል አቅሙን ማዳከም መሆኑ ነው። ለጤነኛ ሰው ቀልድ አይደለም።

የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ጥናት) ላይ ሲሠራ የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን አይጥ ላይ ሲፈትሽ ቆይቷል። የትል ሥራ ከዚያ ይረክሳል፦ ማይክሮስኮፕ፣ አጋርና ሙቀቱን የሚጠብቅ ማሽን ይበቃል። ማሽኑ ግን ጄኔሬተር ይፈልጋል። በ25 ዲግሪ ትሉ ቶሎ ያረጃልና መብራት እየሄደ ሙቀቱ ከተለዋወጠ ውጤቱ የመድኃኒቱ ይሁን የሙቀቱ አይለይም።